ጥሩንባችንን የገዛው ሳሙና

የወንድሜን ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «ሰው ስልኩን ሲነካካ ቁጭ ብሎ የሚያይ ነው» እላለሁ። እሱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። የሥራው መጠሪያ ረጅም ነው፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ የቀረውም እንግሊዝኛ ነው። በአጭሩ፣ ሰዎች ስልካቸው ላይ የትኛውን አፕ እንደሚከፍቱ፣ መቼ እንደሚከፍቱና ምን ያህል እንደሚያፈጡበት ያጠናል፤ ከዚያ ለሳሙና ፋብሪካና ለብስኩት አስመጪ «ደንበኛችሁ እዚህ ጋ ተቀምጦላችኋል» ብሎ ይጠቁማል። ድሮ እንዲህ ያለውን ሰው ሰፈሩ ጆሮ ጠቢ ይለው ነበር። አሁን ደህና ደሞዝ ይከፈለዋል።

እኔ አየር ጤና አደባባይ አጠገብ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። ዚፑ የተበላሸበት ይመጣል፣ ያልተበላሸበት አይመጣም። ወንድሜ ይህን ንግድ አይለውም። አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ መደርደሪያዬን ዙሪያውን ካየ በኋላ በሐዘኔታ «አንቺ እኮ ብራንድ የለሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለኝም። ዚፕ ግን በየቀለሙ አለኝ።

እሑድ እሑድ እናታችን ቤት እንሰበሰብ ነበር። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የቆሼ ሽታ ሳሎን ድረስ ዘው ይላል። ወንድሜ ምሳ ሳይቀርብ የሁላችንንም ስልክ ተቀብሎ ይመረምራል። «ለጥናት ነው» ይላል። የእኔን ሲያይ ያዝናል፤ ባትሪ መብራት፣ የሒሳብ ማሽን፣ መልእክት፣ ባንክ፣ በቃ። የልጄን ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ አጫጭር ቪዲዮ፣ ፎቶ ማሳመሪያ፣ ቪዲዮ መቁረጫ፣ ደግሞ ሌላ ፎቶ ማሳመሪያ። የእናታችን ስልክ ግን ግራ ያጋባው ነበር። የልጅ ልጆቿ ያለውን አፕ ሁሉ ጭነውላታል፤ እሷ ዳታውን ዘግታ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ትራስ ሥር ታስቀምጠዋለች። «ይበላል» ትላለች፣ ዳታውን ማለቷ ነው። ጠዋት ትከፍተውና የእድሩን መልእክት አይታ፣ ማን እንደሞተ አውቃ፣ ተመልሳ ትዘጋዋለች።

ያን ሰሞን የወንድሜ መሥሪያ ቤት ጭንቀት ላይ ነበር። አንድ የዱቄት ሳሙና የሚያመርት ደንበኛቸው በየአፑ ላይ ማስታወቂያ ለቆ፣ ሰው ሳያየው በጣቱ እየገፋ ያልፈዋል። ወንድሜ ጎመኑን እየጎረሰ ያስረዳን ነበር። ሰው አፕ ይጭናል እንጂ አይከፍትም፤ ቢከፍትም አይቆይም፤ ወጣቱ ቪዲዮው ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ግን ጣቱ ከዓይኑ ይቀድማል፤ እናቶች ደግሞ ዳታ ይቆጥባሉ። «ትኩረት ጠፋ» አለን፣ በርበሬ ጠፋ እንደሚል ሰው። እናቴ ከልቧ አዝናለት «አይዞህ ልጄ፣ ይገኛል» አለችው።

ተገኘም። የት ተገኘ ብትሉ፣ እናቴ ትራስ ሥር።

የሰፈራችን እድር ስልክ ላይ የመልእክት ቡድን አለው። ሰው ሲሞት ጸሐፊው እዚያ ላይ ይጽፋል፤ ጥሩንባ ነፊውም እንደ ጥንቱ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ኖረዋል፣ ማንም አልተቸገረም። ወንድሜ አንድ እሑድ የእናቴን ስልክ ይዞ የቡድኑን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጥ ቆየ። የሞት መልእክት በመጣ ቁጥር አባላቱ በሙሉ ከፍተውታል። ሽማግሌው አይቶታል፣ ጎረምሳው አይቶታል፣ ቤታቸው ለመንገድ ፈርሶ ወደ አስኮ ኮንዶሚኒየም የሄዱትም አይተውታል። ሞትን ማንም በጣቱ ገፍቶ አያልፍም። ጤነኛ ሰው ይህን ቢያውቅ ሰፈሩን ያመሰግን ነበር። ወንድሜ ምሳውን ትቶ ተነሣና ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ለአለቃው ደወለ። በመስኮት ሳየው፣ ሎተሪ የደረሰው ሰው ነበር የሚመስለው።

እናታችን ያኔ ታማ ነበር። ልቧ ደክሟል ተብሎ መድኃኒት ታዞላት፣ ዳገት መውጣት ተከልክላ ነበር። ስለ ሞት ስታወራ ድምፅዋ አይለወጥም፤ ወሬውን የምንቀይረው እኛ ነን። እሷ የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ ቀብሯ ላይ ሰው እንዳያንስ። ከጎጃም በልጅነቷ መጥታ፣ አባታችንን በወጣትነቷ ቀብራ፣ ያለ ዘመድ እዚሁ የኖረች ሰው ናት። ዘመዷ ሰፈሩ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ቀብር አንድም አልቀረባትም፤ የምታውቀውም ሞተ የማታውቀው፣ የተጣላችውም ሞተ የታረቀችው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጭቃውን እየረገጠች ትሄዳለች። እኛ ልጆች ስንቱን ቅዳሜ ምሳ ሳንበላ እንደጠበቅናት። አንድ ቀን ያበጠ እግሯን እያሸሁላት ሳለ «የእኔን ቀን አደራ» አለችኝ። «ሰው ሳይሰማ እንዳትወስዱኝ።» እሺ አልኳት። እድር እያለ ይህ ምን አደራ ይባላል ብዬ ነበር።

የእድሩ ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቆርቆሮው አዳራሽ ነው። ወንድሜ ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ መጣ። ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ የቀረ፣ ጭቃውን እንደ ድመት እየዘለሉ የሚያልፉ ልጆች ናቸው። ከእናቴ ቤት የመጣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ሰቅለው ሥዕል ያሳዩን ጀመር። በመካከሉ መብራት ጠፋ፤ እስኪመጣ በጨለማው ውስጥ ስለ ዲጂታል ዘመን ነገሩን። የገባኝን ልናገር። ለእድሩ የራሱ አፕ በነጻ ይሠራለታል። መዋጮ በዚያ ይከፈላል፣ የሞት መልእክት በዚያ ይመጣል፣ ስልኩም የሚጮኸው በራሱ በእድሩ ጥሩንባ ድምፅ ነው። ጥሩንባ ነፊውን ከአንድ ሳምንት በፊት ቢሯቸው ወስደው፣ ድምፁን ቀድተውት፣ የሳሙናው ስም የተጻፈበት ጃኬት አልብሰው መልሰውታል። ከእንግዲህ በየዳገቱ ትንፋሹን ማባከን የለበትም ተባለ። በምላሹ ሳሙናው አልፎ አልፎ በአፑ በኩል አባላቱን «ያናግራል»። ሳሙና ያናግረናል። ደግሞም አዲስ ድንኳንና አዲስ ወንበር ለእድሩ ይለግሳል።

ድንኳን ሲባል አዳራሹ ተነቃነቀ። የድሮው ድንኳን ያፈስሳል፣ እውነት ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሰው ናቸው፤ ድንኳን ግን አሳወራቸው። እኔ እጄን አውጥቼ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳሙናው ሊያናግረን ሲፈልግ ስልኩ በምን ይጮኻል?»

ሰብሳቢው ወደ ወንድሜ ዞሩ። ወንድሜ ፈገግ ብሎ፣ ድምፁ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ሁለት ድምፅ ከሆነ ሰው አንዱን መርጦ እንደሚተው፣ ጥናቱም ይህን እንደሚያሳይ አስረዳ። ባልደረቦቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ምን አለበት፣ ሳሙና እንደሆነ ሁላችንም እንገዛለን» አለች። ለድምፅ ሲቀርብ መጀመሪያ የወጣው እጅ የእናቴ ነው። በእኔ ክንድ ተደግፋ የመጣች፣ ልጇ በሰፈሩ ሰው ፊት ማይክ ይዞ ሲናገር አይታ ዓይኗ እንባ ያቀረረ እናት ምን ታድርግ? ከእሷ በኋላ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ማንም አልቆጠረውም።

አፑ መጀመሪያ ላይ ሠራ፤ ይህን አልክድም። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያሉ አንድ አዛውንት ሲያርፉ የሰፈሩ ኪስ ሁሉ በአንዴ ነፋ። ሰው ከያለበት ተነቃነቀ፤ ከመርካቶ ሱቅ ዘግቶ የመጣም ነበር። አዲሱ ድንኳን ተተከለ፣ በአራቱም ማዕዘን የሳሙናው ስም እንደ ባንዲራ ይታያል። ወንድሜ ለቅሶው ቤት መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠና ስልኩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ያልከፈተ የለም አለኝ። ሬሳው ገና አልወጣም ነበር።

ከዚያ ሳሙናው ያናግረን ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን እኔ ሱቅ ዘግቼ በሚኒባስ ወደ እናቴ ቤት እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ላይ ሳለን ከታክሲው ግማሽ ኪስ ጥሩንባ ተነፋ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴት «እግዚኦ» ብለው ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ያዙ። አንድ ሰውዬ «ወራጅ» አለ፣ ፌርማታው ሳይደርስ። እኔ እናቴ ናት ብዬ የስልኬን የይለፍ ቁጥር ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሲከፈት አንዲት ቀይ ሴት ጥርሷን ገልጣ በገመድ ላይ ነጠላ ታሰጣለች። ከበታቿ «ለቅሶ ቤትም ቢሆን ነጭ ያምራል፤ ዛሬ ብቻ በቅናሽ» ይላል። ይህን አረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ደሞዝ ይከፈለዋል፤ ምናልባትም ጉርሻ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። ሴትየዋ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት፤ አፍረው ነበር፣ ምንም ሳያጠፉ።

ሰፈሩ ሰብሳቢው ቤት ሄዶ ጮኸ። ሰብሳቢው ወንድሜን ጠሩት። ወንድሜ የተቆጣ ሰው ሊያባብል የመጣ አይመስልም ነበር፤ ደስ ብሎት፣ ላፕቶፑን ታቅፎ ነው የመጣው። ማስታወቂያውን ያልከፈተ አባል የለም፣ መሥሪያ ቤታቸው እንዲህ ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም፣ አለቃው በስብሰባ ላይ ስሙን ጠርቶ አመስግኖታል። ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ያዝኩት።

«ሰው እኮ ደንግጦ ነው የከፈተው» አልኩት።

«ደንግጦም ቢሆን ከፍቷል» አለኝ።

ይህን ሲል አልቀለደም። እኔና እሱ አንድ እናት እንዳሳደገችን ለራሴ ማስታወስ አስፈለገኝ።

ሰብሳቢው ጥቂት አጉረመረሙ፤ ድንኳኑን ግን መልሱ እንዳይባሉ ፈሩ። ሳሙናው ቀጠለ። አንድ ሳምንት የልብስ ማለስለሻ፣ ሌላ ሳምንት የዕቃ ማጠቢያ። በበዓል ሰሞን ጥሩንባው እየተነፋ መልካም በዓል ተባልን። ወንድሜ በየእሑዱ እየመጣ ስለ ታማኝነትና ስለ ቅርርብ ያወራል፤ ብራንዱ ከሰፈሩ ጋር ቤተሰብ ሆኗል ይላል። ቤተሰብ መሆኑንስ ሆኗል፤ የማይጋበዝ፣ ሲመጣ ደግሞ የማይሄድ ዓይነት ቤተሰብ።

ሰፈራችን ግን ሞኝ አይደለም። መጀመሪያ ሲነፋ ሮጦ ይከፍት የነበረው ሰው፣ ቀስ በቀስ «ሳሙና ነው» እያለ ሥራውን መቀጠል ለመደ። ከዚያ ድምፁን መዝጋት መጣ። ልጆች ለወላጆቻቸው ይዘጉላቸዋል፤ እናቶች አንዷ ለሌላዋ እንዴት እንደሚዘጋ ያሳያሉ። ወደ ሱቄ የሚመጡ የሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ ክር እየመረጡ ስለዚሁ ያወሩ ነበር። ጥሩንባ ነፊው ደግሞ ሥራ ሲያጣ ቡራዩ ጥበቃ ተቀጥሮ ከሰፈሩ ወጣ። ማንም አላስተዋለም፤ በመካከሉ የሞተ ሰው ስላልነበረ። ሰፈሩ ለጥቂት ወራት ጤና ሆኖ ከረመ፣ እኛም ምን እንደጠፋብን ሳናውቅ ከረምን።

እኔ ግን እናቴን እያየሁ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከአልጋ መውረድ ተወች። አንድ እሑድ ወንድሜን ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት። እናታችን የሞተች ቀን ይህ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ሳሙና ነው ብሎ ይተወዋል፣ አስቁመው፣ ዛሬውኑ አስቁመው አልኩት። ተቆጣ፤ እናቴን በቁሟ ቀበርሻት አለኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ የውል ጉዳይ እንዳለ፣ ሩብ ዓመቱ ይለቅና ማስታወቂያው እንደሚቀነስ ነገረኝ። ሩብ ዓመቱ ይለቅና። እናታችንን ሩብ ዓመቱ እስኪያልቅ ጠብቂ ብዬ ልለምናት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አልጠበቀችም። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አፏን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩላት፣ ትንፋሿ ቆመ። ጮኽኩ። በግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤቶች ወዲያው ደረሱ። ጸሐፊው መጥቶ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የቀብሩን ሰዓት ጠይቆ ስልኩ ላይ ጻፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ሲልከው በቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ነፋ፤ የእኔም፣ የልጄም፣ የወንድሜም። የእሷ ብቻ ትራሷ ሥር ዝም አለ፣ ዳታው ዝግ ነበር። የራሴን ከፍቼ አየሁት። ነጠላ የምታሰጣዋ ሴት ከእናቴ ስም በላይ ቆማ ትስቃለች። ሳሙናው የሁሉም ገጽ አናት ላይ እንዲወጣ ውል አለውና፣ መርዶው ከሥሩ ነው የገባው። ስሟን ለማግኘት ሳሙናውን በጣት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወንበሮቹ ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። አዳዲስ፣ ነጫጭ፣ ጀርባቸው ላይ የሳሙናው ስም ያለባቸው። የተቀመጠባቸው ሰው ግን የግንብ ጎረቤት ብቻ ነበር። ረፋዱ ሄደ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ መንገዱን አንዴ ስልኩን ያያል። «ለሁሉም ደርሷል ይላል» አለኝ። ደርሷል። እኔ ያን ጊዜ የምጮኸው ለእናቴ ይሁን በንዴት መለየት አቅቶኝ ነበር። ሰብሳቢው ራሳቸው ምሳ ሰዓት ሲቃረብ፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ መጡ። ከበሩ ጀምረው ይቅርታ ይላሉ፤ የእሳቸውም ስልክ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

ያን ጊዜ ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከቶ በእግሩ ወጣ። ልጄ ተከትላው ሄዳ ስለነበር የሆነውን ነግራኛለች። የመጀመሪያውን በር አንኳክቶ ሲከፈትለት ምን እንደሚል ጠፍቶት ቆመ። ይህ በየስብሰባው አፉ የማይደርቅ ሰው። ከዚያ «እናቴ ሞተች» አለ። የቤቱ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ አይቶ ራሱን ያዘ። በሁለተኛው በርም እንደዚያው። በየበሩ እናቴ ሞተች ይላል፣ በየበሩ ስልክ ይወጣል፣ በየበሩ «ሳሙና መስሎን» ይባላል። ጥቂቶቹ ይህን ሲሉ ያለቅሱ ነበር። የከፈቱት አብዛኞቹ ሸክም የማይችሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚበዙት በሮች ደግሞ አልተከፈቱም፤ የሥራ ቀን ነው፣ ሰው መርካቶ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ፣ ጫማው የጭቃ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ያን ቀን ብቻ፣ በሥራው ዘመን ሁሉ፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ፊት ለፊት አናገረው።

ዘጠኝ ሰዓት ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ሬሳ በሸክም ነው የሚሄደው፤ ወንዶች በየጥቂቱ እየተቀባበሉ ይሸከማሉ፣ ሰው የሚከበረው በተቀባዩ ብዛት ነው። የእናቴን ሬሳ ተቀባይ ጠፋ። ያነሡት ሰዎች ራሳቸው እስከ መጨረሻው ተሸከሟት፤ አንዱ ትከሻው ሲዝል ወንድሜ ገባ፣ ከዚያ የሚቀይረው አልነበረም። ካህኑ ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ ወደ በሩ አየት አድርገው «የሚጠበቅ ሰው አለ?» አሉ። አፈርኩ። በሐዘኔ ውስጥ ሳይሆን ከሐዘኔ በላይ አፈርኩ። የሰውን ሁሉ ቀብር በጭቃ የሄደች ሴት፣ አደራዋን ለእኔ የሰጠች፣ እንዲህ በጥቂት ሰው አፈር ገባች።

ከቀሩት ሁሉ አንዲት ሴት ግን አንገበገቡኝ። የእናቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። ግንብ ለግንብ ተዋስነው አርጅተው፣ ቤታቸው ለመንገድ ሲፈርስ አስኮ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሆኖም በየጊዜው እየመጡ እናቴን ይጠይቋት ነበር። ወንድሜን በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለእንዲህ ያለ የቅርብ ሰው በስልክ ተደውሎ መርዶ አይነገርም፤ ነውር ነው፣ እድሩ ያስነግራል። ዓይኔ ቀብሩን ሙሉ ሲፈልጋቸው ዋለ። እሳቸውም ቀሩ ብዬ በልቤ ተቀየምኳቸው፣ ሌሊቱንም ቂሜን ይዤ አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ወንድሜ ድንኳኑን ገልብጦ መትከሉን አየሁ። ከውጪ የሳሙናው ስም እንዳይታይ ብሎ ነው። አሁን ስሙ በውስጥ በኩል ሆኖ፣ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ያነበዋል። ማስታወቂያ የማይሠራበት ቦታ የማያውቅ ጭንቅላት ነው፣ ምን ይደረጋል። ሰው በዚያ ጠዋት መምጣት ጀምሮ ነበር። እየገቡ «ሳንሰማ፣ ሳንሰማ» ይላሉ፤ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል።

ረፋድ ላይ ሴትየዋ መጡ። ጥቁር አልለበሱም። ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ። ድንኳኑን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። ከጎረቤት የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንድሜን ጠየቁት።

«ማነው የሞተው?»

እኔ ተነሥቼ ልደርስለት ስል፣ «እማዬ ናት» አለ። «ትናንት ቀበርናት።»

ሴትየዋ አልጮኹም። ልጄ ሮጣ ፔርሙዙን ከእጃቸው ተቀበለቻቸው፤ ከዚያ ነጩ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጥሩንባው በየጊዜው እየተነፋ ደም ግፊታቸውን እያስነሣ ስላስቸገራቸው፣ አንድ ቀንም ደረጃው ላይ ስለጣላቸው፣ ልጃቸው አጥፍታላቸው ነበር። ይህን ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚነግሩ አድርገው ተናገሩ። ጥሩንባውን ስልካቸው ላይ ማን እንዳመጣው አያውቁም። ቂሜ በቆምኩበት ከላዬ ላይ ወደቀ።

ከዚያ የወንድሜን እጅ ሳቡና በሁለት እጃቸው ያዙት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ለሕፃን በሚነገር ድምፅ ነው የጠየቁት።

«ምናለ ሰው ብትልክብኝ ልጄ?»

እሳቸው እጁን ሳይለቁ፣ ፊቱን ቀና ብለው እያዩ፣ መልሱን ጠበቁ።